ያው ኮረብታ፣ በግንቦትና በነሐሴ

(በምሩቃን ማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር። ለኅትመት ሲዘጋጅ ተናጋሪው ጥቂት ቦታ ላይ አርሞታል።)



የንግግሬን ርእስ ሲጠይቁኝ «ዝቋላ ላይ ፎቶ ስለማንሳት» ብዬ ነበር የላክሁት። ትንሽ ቆይታ ከአዘጋጆቹ አንዷ ደወለችና «ጋሼ፣ ገዳሙን ነው ወይስ ሐይቁን?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ዝቋላ ሲባል የአብዛኛው ሰው ልብ የሚሄደው ወደ ሸዋው ተራራ፣ ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። የእኔው ዝቋላ ሌላ ነው። ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ከሰቆጣ በስተምዕራብ ወደ ተከዜ ቁልቁል የሚወርድ ወረዳ ነው፤ ከተማው ፅፅቃ ይባላል። ገዳሙን ብሎ የመጣ ካለ አሁኑኑ ቢወጣ አልቀየምም።

ከፔዳ በጂኦግራፊ ተመርቄ በ1988 ዓ.ም. ለማስተማር ስሄድ የያዝኩት ጠመኔና አንዲት ዜኒት ካሜራ ነበር። ካሜራዋን የሰጠኝ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ የተመለሰ የፖሊ ልጅ ነው። ዛሬ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ መልስልኝ እንዳይለኝ ስሙን አልጠራም። አንድ ባለ 36 ፊልም ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር መቆየት ነበረበት። ያነሳኸውን ለማየት ደግሞ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ተለምኖ፣ ታጥቦ፣ ታትሞ፣ ተመልሶ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ዛሬ በስልካችሁ አንድ ምሳ ሰላሳ ጊዜ የምታነሱ ሰዎች ይህን ስነግራችሁ እንደ ተረት እንደምትሰሙኝ አውቃለሁ።

አሁን ስክሪኑ ላይ ያለችውን ተመልከቱ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ሆኜ ያነሳኋት ናት። ቀይ፣ ድንጋያማ መሬት፤ አንድ ቅጠል የለበትም። መሃል ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ከበላዩ በአቧራ የነጣ ሰማይ አለ። ያኔ በጣም ነበር የወደድኳት። የሰውየው ትንሽነት፣ የሰማዩ ስፋት... ወጣት ነበርኩና እንደዚያ ያለ ነገር ይመስጠኝ ነበር።

ለሥራ ወደ ወረዳው ብቅ ብሎ የነበረ አንድ እንግዳ «አንድ ቅጂ ስጠኝ» አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ሰጠሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም.፣ በእርግጥም ዝናቡ አሳስቶን በነበረበት ጊዜ፣ ያቺው ፎቶ የአንድ ሪፖርት ሽፋን ሆና ተመለሰች። ከሥሯ የተጻፈው «ድርቅ ያራቆተው መሬት» የሚል ነው። የሪፖርቱ ቅጂ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ትምህርት ቤት ገባ፤ አንዱ ተማሪዬ ሽፋኑን አይቶ አባቱን ለየ። አባትየው በማግስቱ ወረቀቱን አጣጥፈው ይዘው መጡ።

«መምህር፣ ይሄ እኔ ነኝ አይደል?»

«አዎ አባ፣ እርስዎ ነዎት።»

«ከሥሩ ምን ይላል?»

አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ «ሦስተኛ እርሻዬ ነው እኮ» አሉ። «ሦስቴ አርሼ፣ ለዘር አዘጋጅቼ፣ ዝናብ ስጠብቅ ነው ያነሳኸኝ። ድርቅ አይደለም ያራቆተው። ዘር እንዲቀበል ያራቆትኩት እኔ ነኝ።»

ተማሪዎቼን የዝናብ ሥርጭት የማስተምረው እኔ ነኝ። ዋግ ክረምቱ በሰኔ መጨረሻ ገብቶ መስከረም ሳይጠባ የሚወጣበት አገር መሆኑን፣ ከዓመቱ አብዛኛው ወር ደረቅ መሆኑን፣ በግንቦት ባዶ የሆነ ማሳ ማለት የጎበዝ ገበሬ ማሳ ማለት መሆኑን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ እየሠራሁ አስረድቻለሁ። ካሜራዬ ግን ይህን ሁሉ አላወቀችም፤ ወይም እኔ አልነገርኳትም። ያ ማሳ በዚያው ዓመት፣ በ1990 ክረምት፣ ሰው የሚውጥ ማሽላ አበቀለ። ማሽላውን ግን አላነሳሁትም ነበር። ፊልሜ አልቆ ነበር።

አባ ሲወጡ በር ላይ ዞር ብለው «የሚያየው ሰው እኔን ሰነፍ ነው አይልም፤ አገሬን ነው የሚያማው» አሉኝ። ሰላምታ ሰጥተውኝ ነው የሄዱት፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ዋግን ከእኔ በፊት ማን በካሜራ እንዳየው መጠየቅ የጀመርኩት። ያገኘሁት ደስ አይልም።

ፎቶግራፍ ወደዚያ አካባቢ የመጣው ከጦር ጋር ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ተነስቶ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ፣ የንጉሣዊው መሐንዲሶች ክፍል የፎቶ ጓድ ነበረው፤ አለቃው ሳጅን ጆን ሃሮልድ ይባላል። ዋና ሥራቸው የመንገድ ንድፍና ካርታ በፎቶ እያባዙ ለመኮንኖች ማደል ነበር፤ በመሃል ግን ሸለቆውን፣ ተራራውን፣ ሰፈሩን አንስተዋል። ጦሩ በአሸንጌ በኩል አድርጎ የዋግንና የላስታን ምሥራቃዊ ጠርዝ እየታከከ አለፈ። በጊዜው የአገሩ ጌታ ዋግሹም ጎበዜ ናቸው፤ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት። እነዚያ ፎቶዎች ውስጥ ሰው ብዙም አይታይ፤ የሚታየው መድፍና ዝሆን የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ሁለተኛውን አላሳያችሁም። በ1930 ዓ.ም. መግቢያ የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ወደቁ። አንገታቸው ተቆረጠ፤ ለሕዝብ ማስፈራሪያ ሆነ፤ የጣሊያን ወታደሮችም ፎቶ ተነሡበት። ፎቶው አለ፤ የፈለገ ያገኘዋል። እኔ ግን የአንድን ሰው ራስ ያነሳው ሰው እንደፈለገው ደጋግሜ ለማሳየት እጄ እሺ አይለኝም።

ሦስተኛውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ኮረም፣ ጎህ ሲቀድ። ያንን ፊልም ያነሳው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው፤ ዘገባው የቢቢሲው ማይክል ቡርክ። ከዋግ መንደሮች በእግሩ ወጥቶ፣ የቻለው ኮረም ደርሶ፣ ያልቻለው መንገድ ላይ የቀረው ሰው ቁጥር የለውም። አሚን ላይ ክፉ ቃል አልናገርም። ያ ፊልም ዓለምን ቀስቅሷል፤ እህል አስጭኗል፤ የሰው ሕይወት አትርፏል። ሰውየው ራሱ በግንቦት 1983 አዲስ አበባ ላይ በፈነዳው የጥይት መጋዘን ግራ እጁን አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራ መያዙን ቀጥሎ፣ በኅዳር 1989 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ ላይ ሞቷል። የእኔ ቅሬታ ከእሱ በኋላ በመጣነው ላይ ነው። ከእሱ በኋላ ካሜራ ይዞ ወደዚያ አገር የገባ ሁሉ፣ ዐይኑ አስቀድሞ ያንን ፊልም ይፈልጋል። ካላገኘውም የታረሰ ማሳ ይበቃዋል። እኔም አንዱ ነበርኩ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ሰው ያን ኒሰን፣ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ምትኩ ኃይሌና ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ያን የእንግሊዝ ጦር ፎቶ ይዞ ወደየቦታው ሄደ። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስትም ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ናቸው። ፎቶው የተነሳበትን ቋጥኝ እየፈለጉ፣ እዚያው ላይ ቆመው እንደገና አነሱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ሁላችንም ስንማር «የሰሜን ኢትዮጵያ መሬት ድሮ በደን የተሸፈነ ነበር፣ በዘመናችን ተራቆተ» ተብለን ነው ያደግነው፤ እኔም ይህንኑ አስተምሬያለሁ። ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሕዝቡ በብዙ እጥፍ በጨመረበት አገር፣ ከ140 ዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ዛፍ በዝቶ ተገኘ። ከፊሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከፊሉ ግን ሕዝቡ በእርከንና በክለላ ያመጣው ነው። መሬቱ አልተጎዳም ማለት አይደለም። ጉዳቱ ከምናስበው በፊት የነበረ፣ ማገገሙም ከምናስበው በላይ የሆነበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ። እኔ የ1860 ፎቶ የለኝም፤ ጦሩ በዝቋላ አላለፈም። ግን የራሴ ኔጋቲቮች ነበሩኝ፤ በወተት ጣሳ ውስጥ፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው። እነዚያን ይዤ ተመለስኩ።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። አሮጌውን ፎቶ በእጅህ ትይዛለህ። ቅርብ ያለ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የቋጥኝ ጫፍ፣ ከሩቁ ተራራ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ ታያለህ። ቋጥኙ ከተራራው ወደ ግራ ከራቀ አንተም ትጠጋለህ፤ ጫፍና ጫፍ እስኪገጥም ድረስ። አንዳንዴ ይህ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ቀደም ሲል የቆምክበት ቦታ ላይ ቁልቋል በቅሎ ታገኛለህ። ዜኒቷ ላይ የነበረው ሌንስ 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬ በያዝኳት ዲጂታል ካሜራ ያንኑ ስፋት ለማግኘት ወደ 36 ገደማ አደርጋለሁ። ወሩ አንድ መሆን አለበት፤ ሰዓቱም። በግንቦት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ካላነሳህ አቧራው ተራራውን ይበላዋል። መጀመሪያ ላይ የቆምኩበትን ቦታ በሦስት ድንጋይ ካብ ምልክት አደርግ ነበር። ተመልሼ ስመጣ እረኞች ካቡን ለጨዋታቸው ወስደውት አገኛለሁ። አሁን ቋጥኝ ላይ በመሮ ትንሽ ነጥብ እመታለሁ፤ በጂፒኤስም እይዛለሁ።

ስክሪኑ ላይ ሁለቱን አብራችሁ እዩአቸው። ግራው የአባ ማሳ በግንቦት፣ ቀኙ ያው ማሳ በነሐሴ። የማታምኑ አላችሁ፤ ባለፈው ለመምህራን ሳሳይ አንዱ «ይሄማ ጎጃም ነው» ብሎ ተከራክሮኛል። ማሽላው ሰውየውን እስከ ትከሻው ውጦታል። ከኋላው ያለው ኮረብታ በ1990 ራሰ በረሃ ነበር፤ ከከብት ንክኪ ተከልሎ፣ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ሠርቶበት፣ አሁን በግንቦት ስታዩት እንኳ የግራር ጥላ አለው።

ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ ማሳመር አልፈልግም። ይሄኛውን ተመልከቱ። በመንገዱ ጠርዝ የነበረችው ቁርቁራ የለችም። እሷ የቆመችበት መሬት ራሱ የለም። በ1990 ልጆች የሚዘሏት ትንሽ ቦይ ነበረች፤ ዛሬ ግመል ብትገባባት የማትታይ ቦረቦር ሆናለች። መንገዱ ሲሠራ ውኃው የሚሄድበት አልታሰበለትም። ሁለቱ ፎቶዎች የተነሱባቸው ቦታዎች በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ብቻ ነው የሚራራቁት።

ስለ ቤቶቹ ትንሽ ሰፋ ላድርግ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

የዋግ የድሮ ቤት ድንጋይ ነው። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ከአንድ ክንድ የሚበልጥ ውፍረት፤ ከውጭ ፀሐይ ሲያነድ ውስጡ ቀዝቃዛ። አንዳንዱ ጎጆ ነው፣ አንዳንዱ ሰቀላ፤ ደርብ ያለውም አለ። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ የሆነም አሉ፤ ትግራዮች ህድሞ የሚሉት ዓይነት፤ በወፍራም የወይራ ወይም የጽድ ሠረገላ ላይ ርብራብ ተረብርቦ፣ ከላዩ አፈር ተደልድሎ የተጠቀጠቀ። ቤቱ ከዳገት ጋር ተጠግቶ ከተሠራ ፍየሎቹ ከኋላ በኩል ቀጥ ብለው ጣሪያው ላይ ይወጣሉ። መዝጊያው ብረት ማጠፊያ የለውም፤ ከራሱ ከእንጨቱ በወጣ ዘንግ፣ ከላይና ከታች በተፈለፈለ ጉድጓድ ላይ ይሽከረከራል። ሲከፈት ድምፅ አለው። የየቤቱ ድምፅ የተለያየ ነው፤ ልጆች ማን እንደገባ ሳያዩ ያውቃሉ።

መጀመሪያ ሳነሳቸው እንደ ማንኛውም ቱሪስት ፊት ለፊት ቆሜ፣ በሩ ላይ ሽማግሌ አስቀምጬ ነበር። ዛሬ ያንን ፎቶ ሳየው የሚነግረኝ ነገር የለም። አሁን አንድ ቤት ቢያንስ ሃያ ጊዜ አነሳለሁ፦ አራቱን ጎን፣ ድንጋይ ከድንጋይ የሚተሳሰርበትን ማዕዘን፣ የመዝጊያውን እግር፣ መደቡን፣ ጎታውን፣ ወለሉ ላይ ተንጋልዬ ጣሪያውን ከውስጥ። ግድግዳ የሚነሳው ፀሐይ በጎን በኩል እየዳሰሰችው ሳለ ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ድንጋይ ጥላ ያወጣል። ቀይና ነጭ የቀባኋት የአንድ ሜትር ዘንግ አለችኝ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ግድግዳው ላይ አስደግፋታለሁ። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው፣ እንጨቱ ከየት እንደመጣ ጠይቄ እጽፋለሁ። ባለቤቶቹ በኽምጣና ሲያወሩኝ የድሮ ተማሪዎቼ ያስተረጉሙኛል። የቤት ክፍሎች ስም ላይ ሲደርሱ እነሱም እየተያዩ ይስቃሉ፤ በአማርኛ ምን እንደሚባል ያልተስማሙበት ብዙ ነገር አለ። ስሙን እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

አንዲት እናት የሰጡኝን ትምህርት ልንገራችሁ። ቤታቸው ባየሁት ውስጥ እጅግ የሚያምረው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስሄድ ልጆቻቸው ቆርቆሮ ሊያለብሱት ጣሪያውን እያፈረሱ ደረስኩ። «ኧረ እናቴ፣ ምን ነካችሁ! ይሄ ቅርስ እኮ ነው» አልኩ። ሴትየዋ ሥራቸውን ሳያቋርጡ «አንተ የምታነሳው ቤት አያፈስም፤ እኔ የምተኛበት ነው የሚያፈሰው» አሉኝ። ዝም አልኩ። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አፈር ተሸክሞ ጣሪያ መደልደል የማን ሥራ ነው? ሠረገላው ሲሰበር የሚተካው ወይራ የት አለ? ያንን ቀን ጃኬቴን አውልቄ ከልጆቹ ጋር አሮጌውን እንጨት ሳወርድ ዋልኩ። ሲፈርስ አንድ ባንድ አነሳሁት፤ ከመፍረሱ ስለ አሠራሩ የተማርኩትን ያህል በሁለት ዓመት አልተማርኩም ነበር። የታችኛው ርብራብ በምን አቅጣጫ እንደሚሄድ፣ አፈሩ በእንጨቱ መሃል እንዳይንጠባጠብ ምን እንደሚነጠፍበት በዐይኔ አየሁ። ሴትየዋ ዛሬም ቆርቆሮው ሥር በደንብ ይኖራሉ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ማዳመጥ እንዳልቻሉ ብቻ ያማርራሉ።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት በሰቆጣና በአካባቢዋ፣ በተለይም በአበርገሌና በፃግብጂ በኩል ያደረሰውን እናንተም ታውቃላችሁ፤ በዝርዝር አልገባም። መንገዱ ሲከፈት ኔጋቲቮቼን ይዤ ስዞር ካነሳኋቸው ቤቶች ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው ቆመው ያገኘሁት። የጦርነቱ ሥራ ሁሉም አይደለም፤ ብዙውን የወሰደው ቆርቆሮ ነው። አንድ ቤተሰብ ግን የተቃጠለ ቤታቸውን ፎቶ ካየ በኋላ በሩ የት በኩል እንደነበር ሁለት ወንድማማቾች ሲከራከሩ የኖሩትን ክርክር ዘጋ። ታናሽየው ነበር ልክ።

የዱር እንስሳትን ከጠበቃችሁ አዝናለሁ፤ እኔ አንበሳ የለኝም። ዋግ ላይ እንስሳ ማንሳት ማለት መቀመጥ ማለት ነው። ሽኮኮዎች የፈረሰ ግድግዳና የእርከን ካብ ይወዳሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ አንዷ ዘብ ትቆማለች። ሰስ ገደል ጫፍ ላይ በአራት ጥፍሯ ቆማ የምታይህ አንተ ካየሃት ከረጅም ጊዜ በፊት ጀምሮ ነው። አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረውን ጢማሙን አሞራ ለማንሳት ሦስት ቀን አንድ ገደል ላይ ተኝቻለሁ፤ ያገኘሁት የክንፉን ጫፍ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ካስፈለገኝ ወደ ላስታ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው አቡነ ዮሴፍ እወጣለሁ፤ እዚያ ጭላዳው ሣሩን እየነጨ ከካሜራህ አጠገብ ያልፋል፤ ንቀቱ ደስ ይላል።

ወፍ የምፈልገው ቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ውስጥ ነው። አሮጌው ዛፍ የቀረው እዚያ ነውና። ወደ ተከዜ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ የዕጣን ዛፍ አለ፤ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ፣ ጀምበር ስትጠልቅ መዳብ ይመስላል። እሱም እንደ አባ ማሳ ነው፤ የማያውቀው ሰው «ደረቀ» ይላል።

እረኛ የሌለው ፎቶ አንሺ ምንም አያይም። ጅግራ የት እንደምታድር፣ ቀበሮ በየትኛው ቀዳዳ እንደምትገባ የሚያውቁት ልጆች ናቸው። ክፍያቸው የታወቀ ነው፦ ፎቶ። የአንዱን ልጅ ፎቶ አንስቼ ወሰድኩለትና ገልብጦ አይቶ «ፍየሏስ?» አለኝ። ለካ የፈለገው የፍየሏን ነው። የአበርገሌ ፍየል ናት፤ ቆንጆ ናት፤ እውነቱን ነው። ተመልሼ አነሳኋት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ኅዳር 2002 ዓ.ም. የተከዜ ግድብ ተመረቀ፤ ቁመቱ 188 ሜትር ነው። ውኃው ወደ ኋላ እየተኛ መጥቶ ወንዙን ሐይቅ አደረገው። ከተማሪዎቼ ጋር በበጋ ወርደን የዋኘንበት፣ የአዞ ዱካ አሸዋ ላይ ያነሳሁበት ቦታ ዛሬ ውኃ ሥር ነው። ገደሉ ላይ የመታሁት ነጥብ ግን አለ፤ እዚያ ቆሜ ዓሣ የሚያጠምዱ ወጣቶች አነሳለሁ። አባቶቻቸው ዓሣ ማጥመድ ሥራቸው አልነበረም፤ እነሱ ዓሣውን ሰቆጣ ወስደው ይሸጣሉ። ውኃው በበጋ ሲጎድል በገደሉ ዙሪያ የነጣ ቀበቶ ይወጣል፤ ዘንድሮ የት ድረስ እንደወረደ ከፎቶው ላይ በዘንግ እለካለሁ።

ያላነሳሁትም አለ። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ውስጡ የዋግ ሹሞች እንደሆኑ የሚነገርላቸው የደረቁ አስከሬኖች በሣጥን አሉ። ሌሎች አንስተዋቸዋል። እኔ የአለቱን ጠርብ፣ የመስኮቱን ቅርጽ፣ የቄሱን መቋሚያ አነሳሁ፤ ሣጥኑ ጋ ስደርስ ቄሱ ምንም ሳይሉኝ ዐይኔን አዩኝ። ካሜራዬን አጠፋሁ። ቅድም ስለ ደጃዝማች ኃይሉ ነግሬያችኋለሁ።

ፎቶ ካነሳሁ አሁን አትሜ እመልሳለሁ፤ በእጅ። ለአባም የነሐሴውን ወሰድኩላቸው። መነጽር ስላልነበራቸው ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ከጥግ ያለውን እርከን በጣታቸው እያሳዩ «ይሄን ድንጋይ የካበው ጎረቤቴ ነው፤ ለእሱም አትምለት» አሉኝ። አተምኩ።

አሁን ልመናዬን ልናገርና ልጨርስ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በሰቆጣ፣ በደሃና፣ በዝቋላ፣ በአበርገሌ፣ በሰሃላ ያስተማራችሁ፣ በግብርና የሠራችሁ፣ መንገድ የቀየሳችሁ አላችሁ። ሣጥናችሁ ውስጥ ከተማሪዎቻችሁ ጋር የተነሳችሁት ፎቶ አለ። እናንተን አይደለም የምፈልገው፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ከኋላችሁ ያለውን ኮረብታ ነው። ጀርባው ላይ ቀን የተጻፈበት ከሆነ እሰየው። ቅጂ አድርጌ ዋናውን እመልሳለሁ፤ እንደ ዜኒቷ አይደለም።

የመጨረሻዋ ፎቶ ይህቺ ናት። ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት፣ ከበሩ በላይ መስቀል ተቀርጾበታል፣ በስተቀኝ አንድ ትልቅ ወይራ፣ ደረጃው ላይ ቢጫ ጀሪካን። ኔጋቲቩ ከፊልሙ ተቆርጦ ለብቻው ነው የተገኘው፤ በ1991 እና በ1993 መካከል ያነሳሁት መሆኑን እንጂ የት እንደሆነ አላስታውስም። ከሰቆጣ እስከ ደሃና እያሳየሁ ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም «የእኛ አገር ነው» ይላል፤ ቤቱን ግን ያሳየኝ የለም። ለነሐሴ 16፣ ለሻደይ፣ ሰቆጣ ነኝ፤ ከበዓሉ በኋላ እንደገና ፍለጋ እወጣለሁ። ወይራውን ወይም ጀሪካኑን የምታውቁት ሰው ካላችሁ ከሻይ በፊት አግኙኝ።

አሁን መብራቱን አብሩትና ጥያቄ ካለ እንስማ።